የፑል ጠረጴዛ ወደ ቤት ሲገባ፦ ድንጋዩን እንዴት እንምረጥ?

ለቤት ከሚገዙ ዕቃዎች መካከል እንደ ፑል ጠረጴዛ ገዢውን በቀላሉ የሚያታልል ጥቂት ነው። ሶፋ ቢሆን ቁጭ ብለው ይሞክሩታል፤ ፍሪጅ ቢሆን ሰክተው ያዩታል። የፑል ጠረጴዛ ግን ዋናው አካሉ ከጨርቁ ሥር ተሸፍኖ ነው የሚሸጠው። ጨርቁ ሲወጠር፣ ጠርዙ በቫርኒሽ ሲያብረቀርቅ፣ ሁሉም ጠረጴዛ አንድ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው ከወራት በኋላ፣ በቀስታ የተመታች ኳስ ቀጥ ብላ መሄዷን ትታ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ ማዘንበል ስትጀምር ነው።

የዚህን ወር ዓምዳችንን ለዚህ ጉዳይ የሰጠነው ከቱም በደረሰን አንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ጠያቂው በምዕራብ ኦሞ ዞን፣ በማጂ አካባቢ ባለችው ቱም ቤት ሠርተው የሚኖሩ የቡና ነጋዴና የሁለት ልጆች አባት ናቸው። የ16 ዓመት ወንድ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ፑል ቤት ነው። የ13 ዓመት እህቱ ቀጥታ ወደ ቤት ትመጣለች። «ውጭ ከሚውል እቤቱ ቢጫወት አይሻልም ወይ? ጥሩ የድንጋይ ፑል ከአዲስ አበባ ላስመጣ አስቤአለሁ» ይላሉ አባት። ባለቤታቸው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቋቸው፦ «የዓመቱን የቡና ገንዘብ ድንጋይ ልንገዛበት ነው?»

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መልሱም አንዱን ደስ አሰኝቶ ሌላውን የሚያስቀይም መሆን የለበትም። ጠረጴዛው ይገዛ ወይስ ይቅር ለማለት ግን መጀመሪያ ጥሩ ጠረጴዛ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ድንጋይ ለምን አስፈለገ?

ቢሊያርድ በአውሮፓ ለረጅም ዘመን ሲጫወቱት የኖሩት በእንጨት ወለል ላይ ነበር። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውሎ አድሮ ይጣመማል። እ.ኤ.አ. በ1826 ገደማ የለንደኑ ጠረጴዛ ሠሪ ጆን ተርስተን ከጨርቁ ሥር ስሌት የተባለውን ድንጋይ ማንጠፍ ጀመረ። ስሌት ከጭቃ ደለል ተነሥቶ በምድር ውስጥ በጫናና በሙቀት የጠነከረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ግራጫ የሆነ ድንጋይ ነው። በስስ በስሱ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ሰፊና ዝርግ ሰሌዳ ይወጣዋል። የድሮ ተማሪዎች የሚጽፉበት የእጅ ሰሌዳም ከዚሁ ድንጋይ ይሠራ ነበር። እርጥበት አያሳብጠውም፤ ምስጥ አይበላውም፤ በአግባቡ ከተደገፈ ለትውልድ ይቆያል።

ቀጥሎ የመጣው ጎማው ነው። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን በሰልፈርና በሙቀት ማጠንከር ከቻለ በኋላ የጠረጴዛው ጠርዝ ብርድና ሙቀት የማይለዋውጠው ጎማ አገኘ። ኳሱ ግን ገና የዝሆን ጥርስ ነበር። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ጠያቂያችን አገር ይጠጋል። የዝሆን ጥርስ በዓለም ገበያ በሚፈለግበት በዚያ ዘመን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ማጂ የዝሆን ጥርስ የሚሸጥባትና የሚለወጥባት የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ በማጂ ቆንስላ ነበራት፤ ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰንም ስለ አካባቢው መጽሐፍ ጽፏል። ከአንድ የዝሆን ጥርስ የሚወጡት ጥሩ ኳሶች አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ነው። ነገሩ አሳሳቢ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1863 የአሜሪካ ቢሊያርድ አምራቾች የዝሆን ጥርስን የሚተካ ነገር ላገኘ ሰው 10,000 ዶላር እንሸልማለን ብለው አወጁ። ጆን ዌስሊ ሃያት ሴሉሎይድን ለማግኘት የተነሣው በዚህ ምክንያት ነበር። የዛሬው ጥሩ ኳስ ፊኖሊክ ከሚባል ጠንካራ ሬዚን ይሠራል፤ ዝሆኑም ተርፏል።

በእኛ አገር ደግሞ ከፑል በፊት ከጣሊያኖች የወረስነው ከረንቡላ ነበር፤ ኪስ የሌለው ጠረጴዛ። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ወጣቱን የሳበው ባለ ስድስት ኪሱ ፑል ነው።

ዝናቡ የሚፈርድበት ጠረጴዛ

ቴፒ፣ ሚዛን ተፈሪና አካባቢያቸው በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ሥፍራዎች ይመደባሉ። ቡናውን፣ ቅመማ ቅመሙንና ጫካውን ያቆመው ይኸው ዝናብ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ የሚሻግትበት፣ በር በክረምት አልዘጋ የሚልበት አገር ላይ ለሚኖር ሰው «ወለሉ ከምን ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ የቅንጦት አይደለም።

ገበያ ላይ የሚገኙት ወለሎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ነው። ቀላል ነው፤ ርካሽ ነው፤ ሲገዙት ዝርግ ነው። ነገር ግን የእንጨት ዱቄትና ሙጫ ነውና እርጥበት ሲገባው ያብጣል። ያበጠ ኤምዲኤፍ ሲደርቅ ወደ ነበረበት አይመለስም። እንደ ቱም ባለ አካባቢ ይህን መግዛት ገንዘብን ለዝናብ መስጠት ነው።

ሁለተኛው እብነ በረድ ነው። አገራችን እብነ በረድ አላት፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዙ የዳሌቲ እብነ በረድ በስፋት ይታወቃል። እብነ በረድ በእርጥበት አያብጥም፤ ስለዚህ ከኤምዲኤፍ በብዙ ይሻላል። ችግሩ ሰሌዳው የተቆረጠው ለቤት ወለል ወይም ለግድግዳ ከሆነ ነው። ለወለል የሚበቃ ዝርግነት ለኳስ አይበቃም። በሚገባ ያልተደገፈ ሰሌዳም ከባድ ዕቃ ቢወድቅበት ወይም በመንገድ ቢናጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። እብነ በረድ ከሆነ የሚገዙት ዝርግነቱን ራስዎ ሳይፈትሹ አይክፈሉ።

ሦስተኛው ስሌት ነው። ነጋዴው በደፈናው «ድንጋይ ነው» ሲል እብነ በረዱንም ስሌቱንም ሊሆን ይችላልና «የትኛው ድንጋይ?» ብለው ይጠይቁ። ስማቸው ስሌትን የሚያስመስል፣ ከፕላስቲክና ከእንጨት ድብልቅ የተሠሩ ወለሎችም አሉ፤ ድንጋይ አይደሉም።

እንዴት ይለያል? ጎንበስ ብለው ከሥር ይመልከቱ። ከሥር ግራጫ፣ ያልተለሰለሰ የድንጋይ ገጽ መታየት አለበት። በመዳፍ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። በአንድ ጥግ በኩል ጠረጴዛውን ለማንሣት ይሞክሩ፤ አንድ ሰው በቀላሉ የሚያነሣው ከሆነ ስሌት የለውም። ሻጩ ከሥር አላሳይም ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ሲገዙ የሚፈተሹ ነገሮች

ውፍረት፦ የስሌት ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ 19፣ 22 ወይም 25 ሚሊ ሜትር ነው። ለውድድር ጠረጴዛ የሚጠየቀው ከ25 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ነው። ለቤት 22 ይበቃል፤ 19 ሚሊ ሜትርም ቢሆን ከሥሩ ያለው የእንጨት ደጋፊ ጠንካራ ከሆነ ያገለግላል። ከዚያ የሳሳ አይግዙ።

ዝርግነት፦ በዓለም የፑል ቢሊያርድ ማኅበር መመዘኛ መሠረት የጠረጴዛው ወለል በርዝመቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር፣ በወርዱ ከሩብ ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት እንዳይኖረው ሆኖ መስተካከል መቻል አለበት። ይህን ያለ ልዩ መሣሪያ መገመት ይቻላል። ያልተጣመመ አዲስ የአሉሚኒየም ስታጃ በወለሉ ላይ በቁመት፣ በአግድምና በሰያፍ ያስተኙ። ከሥሩ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ያስገቡ። የአንድ ወረቀት ውፍረት ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በአግድም ሦስት ወረቀት ተደራርቦ በቀላሉ ካለፈ ወለሉ ጎድጉዷል ማለት ነው። የጠረጴዛው መጋደል ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በውሃ ልክ ታይቶ በእግሮቹ ይስተካከላል። የጎደጎደ ድንጋይ ግን በእግር አይስተካከልም።

ጎማ፦ ኳስ በእጅዎ ይዘው በጠረጴዛው ቁመት በኩል ቀጥ አድርገው ጠንከር ብለው ያንከባልሉ። ጥሩ ጎማ ኳሱን እየመለሰ ቁመቱን አራት ጊዜ ያህል ያስኬደዋል። ሁለት ጊዜ ሄዶ ከሞተ ጎማው ደርቋል ወይም ማሠሪያው ላልቷል። በጥፍርዎ ጫን ሲሉት መግባትና መመለስ አለበት። ጠርዙን በጡጫ ሲመቱት የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ብሎኖቹ ይጠበቁ።

ክፈፍና እግር፦ ድንጋዩን የሚሸከመው እንጨት ነው። እንጨቱ ካልደረቀ ድንጋዩ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አያድንም። በደቡብ ምዕራብ ጥሩ እንጨት አለ፤ አናጺም አለ። ነገር ግን ከተቆረጠ ብዙም ያልቆየ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፤ ብሎኑም ይላላል። እንጨቱ መቼ እንደተሰነጠቀና የት እንደደረቀ ይጠይቁ፤ በሕጋዊ መንገድ የመጣ መሆኑንም ያረጋግጡ። የምስጥ መድኃኒት መቀባቱን አይርሱ። እግሮቹ በብሎን ከፍና ዝቅ የሚሉ ቢሆኑ ይመረጣል።

ጨርቅ፦ ጥሩ የፑል ጨርቅ ሱፍ የሚበዛበት ከናይሎን ጋር የተቀላቀለ ነው። የሶፋ ቬልቬት ወይም ተራ ጨርቅ ኳሱን ይይዘዋል። ጨርቅ ሊለወጥ የሚችል ነገር ስለሆነ ያገለገለ ጠረጴዛ ሲያዩ በተቀደደ ጨርቅ ምክንያት ብቻ አይሽሹ። ይልቁንም ለዋጋ መቀነሻ ይጠቀሙበት፤ ከተቀደደው በኩልም ድንጋዩን ለማየት ዕድል ያገኛሉ።

ኳስና ዱላ፦ የፑል ኳስ ዲያሜትሩ 57 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። ሁሉንም በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኗቸው፤ እርስ በርስ የሚራራቁ ከሆነ ከተለያየ ስብስብ የተለቃቀሙ ናቸው። ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለው ይዩ፤ ጫፉ ከፍ ዝቅ ካለ ተጣሟል።

ክፍሉ ይበቃል ወይ?

ብዙ ሰው ጠረጴዛውን ይለካና ዱላውን ይረሳል። ተራ ዱላ 147 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ተጫዋቹ ከየትኛውም ጎን እንዲመታ በአራቱም አቅጣጫ የአንድ ዱላ ርዝመት ያስፈልጋል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባለ 8 ጫማው ጠረጴዛ የመጫወቻው ወለል 224 በ112 ሴንቲ ሜትር ነው። በወርዱ 112 ላይ ሁለት ዱላ (294) ሲደመር 406፤ በቁመቱ 224 ላይ 294 ሲደመር 518 ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ 4.1 በ5.2 ሜትር የሆነ ባዶ ክፍል ይፈልጋል። ክንድ ወደ ኋላ እንዲሳብ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር ቢጨመር ደግሞ ይሻላል። ባለ 7 ጫማው 198 በ99 ገደማ ስለሆነ 4 በ5 ሜትር ይበቃዋል። ባለ 9 ጫማው 254 በ127 ነውና 4.2 በ5.5 ሜትር ይጠይቃል።

የአብዛኛው ቤታችን ሳሎን ይህን ያህል ባዶ ቦታ የለውም። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍቶ ጠረጴዛ ማስገባት እናትየዋን እንግዳ መቀበያ ማሳጣት ነው። ለአንድ ጥግ ሲባል አጭር ዱላ መጠቀም ይቻላል፤ ክፍሉን ሙሉ በአጭር ዱላ መጫወት ግን ጨዋታውን ያበላሸዋል። ክፍሉ ከጠበበ ባለ 8 ጫማውን ትተው ባለ 7 ጫማውን ይውሰዱ። በጥሩ ስሌት የተሠራ ትንሽ ጠረጴዛ፣ በኤምዲኤፍ ከተሠራ ትልቅ ጠረጴዛ ይበልጣል።

ወለሉ ሲሚንቶ መሆን አለበት። አንድ ባለ 8 ጫማ የስሌት ጠረጴዛ ከነክፈፉ 400 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ በአራት እግር ቢካፈል በእያንዳንዱ እግር 100 ኪሎ ነው። ይህን የሲሚንቶ ወለል ይችለዋል፤ በጭቃ ላይ የተነጠፈ ጣውላ ግን ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ጠረጴዛው ይቆይና የመጀመሪያው ወጪ ጣሪያው ይሁን።

ስለ መብራትም አንድ ቃል። አምፖሉ ከጠረጴዛው መሐል በላይ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ጥላ ሳይጥል ሙሉውን ወለል የሚያዳርስ ቢሆን ጥሩ ነው። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ሻማም ሆነ ኩራዝ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥ።

ከአዲስ አበባ እስከ ቱም

ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ በኩል ሚዛን ተፈሪ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ማጂ ተራሮች የሚወስደው መንገድ ገና ይቀራል። ስለዚህ ድንጋዩ ስንት ቁራጭ ነው የሚለው ጥያቄ ለቱም ገዢ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

ስሌት በአንድ ወጥ ሰሌዳ ወይም በሦስት ቁራጭ ይመጣል። ባለ 8 ጫማ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ 25 ሚሊ ሜትር ስሌት በድምሩ ወደ 210 ኪሎ ይመዝናል። በሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ ወደ 70 ኪሎ ይሆናል፤ ከአንድ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ትንሽ የሚከብድ ነው ማለት ነው። ሁለት ሰው ይሸከመዋል፤ በተራ በርም ያልፋል። ወጥ የሆነው ሰሌዳ ግን ለትንሹ ባለ 7 ጫማ ጠረጴዛ እንኳ በ19 ሚሊ ሜትር ውፍረት 120 ኪሎ ገደማ ነው። መጋጠሚያ ስለሌለው ለመግጠም ይቀላል፤ በሩቅ መንገድ ከተሰነጠቀ ግን ሁሉም ነገር አበቃ። ለቱም ምክራችን ሦስት ቁራጭ ነው።

ሲጫን ድንጋዮቹ እንደ መስተዋት በጠርዛቸው ቆመው ይጫኑ፤ ተጋድመው አይጫኑ። በመካከላቸው ፍራሽ ወይም የታጠፈ ጆንያ ይግባ፤ ከአይሱዙው ጎን ጋር በገመድ ይታሰሩ። ሦስቱ ቁርጥራጮች አብረው የተስተካከሉ ስለሆኑ በየጀርባቸው ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ከሌላ ጠረጴዛ ድንጋይ ጋር አይቀላቀሉ። ጨርቁ፣ ጎማውና ክፈፉ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ለብቻ ይጫኑ። ጊዜውም ይመረጥ፤ ቡናው ተሸጦ መንገዱ ደረቅ በሚሆንባቸው በታኅሣሥና በጥር ቢጫን፣ ዝናቡ ሳይመለስ ቤት ይገባል።

ሲገጠም ሦስቱ ድንጋዮች በክፈፉ ላይ ተደርድረው፣ ውሃ ልክ እየታየ፣ ከሥር በስስ ሽብልቅ ይስተካከላሉ። ከዚያ መጋጠሚያቸው ይሞላል። ባለሙያዎች ለዚህ ከሚጠቀሙባቸው አንዱ የማር ሰም ነው። ቀልጦ ይፈስስበታል፤ ሲደርቅ በስለት ተፍቆ ከድንጋዩ ጋር እኩል ይሆናል። የማር ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሆነ የክፍል ሙቀት አያሸንፈውም። ማርና ሰም ደግሞ ለደቡብ ምዕራብ ሰው ከሩቅ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የተጣራ ንጹሕ ሰም ማዘጋጀት ብቻ ነው።

ገጣጣሚውን ከጠረጴዛው ጋር አብረው ይዋዋሉ። መጓጓዣውና አበሉ በማን እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን። ገጥሞ ሲጨርስ በአራቱም ጥግ በቀስታ ኳስ እያንከባለሉ ይረከቡ። እንጨቱ ቦታውን ይዞ እስኪረጋ ጥቂት ስለሚንቀሳቀስ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ውሃ ልክ ይታይ። ይህን ባለቤቱ ራሱ ሊማረው ይችላል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ካልተጫወቱበት ይሸፈን። ጨርቁ በውሃ አይታጠብ፤ በለስላሳ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ይጠረግ። ረከቦቱና ከሰሉ ከጠረጴዛው ይራቁ፤ አንዲት የፍም ብልጭታ ጨርቁን ትበሳዋለች። የስኒና የብርጭቆ ማስቀመጫ ሌላ ትንሽ ጠረጴዛ ይኑር።

የእናትየው ጥያቄ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የጠረጴዛው ዋጋ ሙሉው ወጪ አይደለም። ጭነቱ፣ ጫኝ አውራጁ፣ ገጣጣሚው፣ ክፍሉን ማደሱ፣ ውሎ አድሮም የጨርቅ ለውጡ አለ። ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ሁሉ ይጻፉ። ከጎኑ ደግሞ በዚያው ዓመት ከቡናው ገንዘብ የሚጠበቀውን ይጻፉ፦ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የጤና፣ የቤት ጥገና፣ ለመጪው ዓመት የንግዱ መንቀሳቀሻ። የቡና ዋጋ አንድ ዓመት ከፍ፣ በሌላው ዝቅ እንደሚል ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ይህ ሁሉ ተከፍሎ የተረፈው ጠረጴዛውን ከነወጪው ከቻለ፣ የስሌት ጠረጴዛ መጥፎ ግዢ አይደለም። ከዓመታት በኋላም ገዢ ያገኛል፤ ጨርቁ ተለውጦ እንደገና ይሸጣል። ብድር የሚያስፈልገው ከሆነ ወይም ከልጅቱ የትምህርት ገንዘብ የሚቀነስ ከሆነ ግን እናትየው ልክ ናቸው፤ ይቆይ።

መካከለኛ መንገድ ተብሎ ርካሹን ኤምዲኤፍ መግዛት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ከዚያ ይልቅ በአካባቢ አናጺ የሚሠራ ጆተኒ፣ ታጥፎ የሚቀመጥ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ካልሆነም ገበጣና ዳማ ልጆችን ቤት ውስጥ ሊያሰባስቡ ይችላሉ።

ልጁስ?

አባትን በትሕትና የምንጠይቃቸው አንድ ነገር አለ። ልጅዎ ፑል ቤት የሚሄደው ለድንጋዩ ነው ወይስ ለጓደኞቹ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ለጓደኞቹ ነው። ጠረጴዛው እቤት ገብቶ ጓደኞቹ ደጅ ከቀሩ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ ወደ ጓደኞቹ ይመለሳል፤ ጠረጴዛውም የልብስ መተኮሻ ይሆናል። ስለዚህ ጠረጴዛ ለመግዛት ሲወስኑ የሰው ልጆችን ለመቀበልም እየወሰኑ ነው። እንደ ቱም ባለ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ወሬው ቶሎ ይዳረሳል። ቤቱ ሌላ ፑል ቤት እንዳይሆን ቀንና ሰዓቱ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ለምሳሌ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሥራ ቀን ደግሞ የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ ለቤተሰቡ ብቻ።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቀን ልጅዎ የሚጫወትበት ቤት ገብተው ቁጭ ይበሉ። «ይኼ ትልቅ ሰው ፑል ቤት ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም፤ ይበል። ልጁ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ጨዋታው በገንዘብ መሆን አለመሆኑን ያያሉ። የሚያሳስብዎ ነገር ቁማሩ ከሆነ የሚፈታው በንግግር ነው፤ ጠረጴዛ ብቻውን አይፈታውም። ቤት ውስጥም ሕጉ ግልጽ ይሁን፦ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ለሻይ ዋጋ እንኳ አይወራረዱም። አንድ ጊዜ በ10 ብር ከተፈቀደ በ100 ብር የሚከለከልበት ምክንያት ይጠፋል።

ልጅቷን አንርሳ። ፑል ቤት በአብዛኛው የወንዶች ቦታ ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ብቻዋን ገብታ ዱላ አትይዝም። ቤት የገባ ጠረጴዛ ግን የእሷም ነው። ኳስ ጎማን ነክቶ በገባበት ማዕዘን ልክ እንደሚመለስ በዓይኗ ማየት ከጂኦሜትሪ መጽሐፏ ጋር ያስታርቃታል። ወንድሟ ሁልጊዜ ከጓደኞቹ ጋር እየያዘባት ዳር ቆማ ኳስ አቀባይ ከሆነች ግን ለአንድ ልጅ ብቻ ነው የገዛችሁት። ተራዋ የታወቀ ይሁን። እናትም ይጫወቱ፤ ለዚህ ጨዋታ ጉልበት አይጠየቅም፤ ትዕግሥትና ዓይን ይበቃል።

እንግዲህ ቡናው ሳይሸጥ ከአሁኑ ሊጀመሩ የሚችሉ ሥራዎች አሉ። ክፍሉን በሜትር ይለኩ፤ የጠረጴዛውን ልክ በወለሉ ላይ በጠመኔ ያስምሩና 147 ሴንቲ ሜትር እንጨት ይዘው ዙሪያውን ይዙሩ። ጣሪያውን ያስፈትሹ። የወጪውን ወረቀት ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ ከተስማማ አዲስ አበባ ወርደው፣ ስታጃ፣ ውሃ ልክና ሦስት ወረቀት ይዘው ገበያ ይውጡ። ድንጋዩን አባት ይምረጡ፤ ዋጋውን እናት ይከራከሩ፤ የጨርቁን ቀለም ደግሞ ለልጅቷ ይተዉላት።